«ዳዊት እንዳለው» ስንል

በአርባ ምንጭ፣ ሴቻ ባሉ መድረኮቻችን ከመዝሙር የተነበበው ብዙ ጊዜ «ዳዊት እንዳለው» ተብሎ ይሰበካል። ልማዱ መሠረት አለው፤ ዕብራውያን 4፥7 መዝሙር 95ን በዳዊት ስም ይጠቅሳል። በዕብራይስጡ ግን የዳዊት ስም በአርዕስት ላይ ያለው በ73 መዝሙሮች ብቻ ነው፤ 12ቱ የአሳፍ፣ 90ኛው የሙሴ ተብለዋል። መዝሙር 72፥20 የዳዊት ጸሎት ማብቃቱን ከተናገረ በኋላ 86ኛው እንደገና የዳዊት ጸሎት ሆኖ ይመጣል። ይህም ቀድሞ ለየብቻ የነበሩ ስብስቦች ኋላ መያያዛቸውን ያመለክታል። 137ኛው የባቢሎን ምርኮኞች ልቅሶ ነው፤ የግሪኩ ትርጉም የዳዊትን ስም ቢጨምርበትም በዕብራይስጡ አርዕስት የለውም።

ይህ ዕድገት የመንፈስ ቅዱስን ሥራ አያሳንስም። ከቀዬው ተፈናቅሎ በጉባኤያችን የተቀመጠ ምእመን ግን 137ኛውን ከንጉሥ አፍ ብቻ ከሰማ፣ እንደ እርሱ አገር ያጡ ሰዎች ጸሎት መሆኑ ይቀርበታል። ስለዚህ ከመስበካችን በፊት አርዕስቱን እናንብብ፤ አርዕስት ከሌለውም ስም አንጨምርበት።