ስለ ሲሸልስ የሚያስተምሩን መጻሕፍት ምን ጎደላቸው?

በዚህ ዕትም የምንተቸው ልብ ወለድ ወይም ግጥም አይደለም፤ እዚህ ካምፓላ መደርደሪያችን ላይ የተኮለኮሉትን የማጣቀሻ መጻሕፍት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ያስነሳው አንድ የጂኦግራፊ ፈተና ነው። «ሲሸልስ ስንት ደሴቶች አሏት?» ብለን ጠየቅን። አንዲት ተማሪ 155 ብላ ጻፈች። መጽሐፋችን 115 ስለሚል ኤክስ አደረግንባት። ልጅቷ ግን ዝም አላለችም፤ የአገሪቱን ሕገ መንግሥት ከሞባይል አውጥታ አሳየችን። እውነትም የ1993ቱ ሕገ መንግሥት በስም የሚዘረዝራቸው 155 ናቸው። 115 የሚለው መጻሕፍት ሲቀባበሉት የኖረ የቆየ ቁጥር ነው። ነጥቧን መለስንላት፤ እኛም አፍረን መደርደሪያውን እንደገና ማገላበጥ ጀመርን።

መጀመሪያ ያነሳነው በእርዳታ የመጣ ወፍራም ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። ሲሸልስን አሁንም የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ይላታል። ነፃ የወጣችው ግን ጁን 29 ቀን 1976 ነው። መጽሐፉ አልዋሸም፤ አርጅቷል እንጂ። ስለ ተፈጥሮዋ የጻፈው ግን ዛሬም ይጠቅማል። በውቅያኖስ መካከል ያሉ ደሴቶች አብዛኞቹ ከእሳተ ገሞራ ወይም ከዛጎል ድንጋይ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ማሄን የመሳሰሉት የሲሸልስ ዋና ደሴቶች ግን ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ግራናይት መሆናቸውን ጥሩ አድርጎ ያስረዳል። ድንጋይ በሃምሳ ዓመት አያረጅም!

ሁለተኛው አትላስ ነው። በአፍሪካ ካርታ ላይ አገሪቱ የዝንብ ነጠብጣብ ታክላለች። የብሷ ስፋት ወደ 455 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዚህ አንፈርድበትም። ችግሩ ባሕሯን አለማሳየቱ ነው። ሲሸልስ የምታስተዳድረው የባሕር ክልል ከ1.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ቱና የተባለው ዓሣ የሚጠመደውም እዚያ ነው። ተማሪው ነጥቧን ብቻ ካየ ሕዝቡ በምን እንደሚኖር ከየት ይገባዋል?

ሦስተኛው የቱሪስት መምሪያ ነው። ፎቶው ያምራል። በ1982 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውን የግዙፍ ኤሊዎች መኖሪያ አልዳብራን፣ በ1983 የተመዘገበውን የቫሌ ደ ሜ የዘንባባ ደን በደንብ ያሳያል። የአገሩ ሰው ግን በውስጡ ሻንጣ ተሸካሚና አስተናጋጅ ሆኖ ነው የሚታየው። ሕዝቡ ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ ሌላ የራሱ ክሪዮል ቋንቋ እንዳለው አንዲት መስመር እንኳ አልተጻፈም።

ከሁሉ የከነከነን ግን ሌላ ነው። ሦስቱም መጻሕፍት የዚህችን ከተማ ታሪክ ዘለውታል። እንግሊዞች በ1899 የቡጋንዳውን ካባካ ምዋንጋንና የቡንዮሮውን ኦሙካማ ካባሌጋን ይዘው ያጋዟቸው ወደ ሲሸልስ ነበር። ምዋንጋ እዚያው በ1903 ሞተ፤ አጽሙ በ1910 ተመልሶ ካሱቢ ተቀበረ። ካባሌጋ በ1923 እንዲመለስ ተፈቀደለት፤ ግን አገሩ ሳይደርስ ጂንጃ ላይ አረፈ። የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔም ከ1900 ጀምሮ እዚያው በግዞት ቆይቶ በ1924 ወደ አገሩ ገብቷል።

ካሱቢ እኮ ከመሐል ከተማ በታክሲ የሚደረስበት ሰፈር ነው! ተማሪዎቻችን በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋሉ። ከአገር ርቆ መኖር ምን እንደሆነ እኛ ከመጽሐፍ የምንማረው ነገር አይደለም። ያስጠጋችን አገር ነገሥታትም ያንኑ እንደቀመሱ አንድ ልጅ ቢያነብ፣ ሲሸልስ ለፈተና የሚሸመደድ ስም ብቻ ሆና አትቀርበትም ነበር።

ታዲያ መጻሕፍቱን እንጣላቸው? የለም። መጀመሪያ የታተሙበትን ዓመት እዩ። ቀጥሎ ማን ለማን እንደጻፋቸው ጠይቁ። ቁጥር ሲሆን ቢያንስ ሁለት ምንጭ አስተያዩ። የቀረውን ደግሞ እኛው እንጻፈው። ኤክስ ያደረግንባት ተማሪ ስለ ሲሸልስ በአማርኛ አራት ገጽ ጽሑፍ ጀምራለች፤ ሲያልቅ ለየካምፑ ትምህርት ቤት እንልካለን። ስህተት ካገኛችሁበት በተራችሁ ኤክስ አድርጉብን።