የአዎርታን ጉዳት በባለ ሦስት አውታር ሲቲ ስካን ማየት

አዎርታ ከልብ ተነስቶ ደምን ለመላ ሰውነት የሚያከፋፍለው ትልቁ ደም ቅዳ ቧንቧ ነው። ግድግዳው ሦስት ንብርብር አለው። የውስጠኛው ንብርብር ሲቀደድ ደም በግፊት ወደ መካከለኛው ይገባና ግድግዳውን እየሰነጠቀ ይጓዛል፤ ይህ ዲሴክሽን ይባላል። ግድግዳው ደክሞ ሲለጠጥ ደግሞ አኑሪዝም ይፈጠራል። በከባድ የመኪና አደጋም አዎርታ ሊቀደድ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀደደው ወደ ግራ ክንድ የሚሄደው ቧንቧ ከሚነሳበት ቦታ ዝቅ ብሎ ነው። እነዚህን ጉዳቶች በእጅ ዳሰሳ ብቻ መለየት አይቻልም፤ የዲሴክሽን ሕመምም ከልብ ድንገተኛ ሕመም ጋር በቀላሉ ይምታታል። ስለዚህ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል።

ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የፈለሰፈው ሲቲ ስካን እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋን ታማሚ ሲያነሳ ምስሉ የአንጎል ነበር፤ ሥራውም ደቂቃዎችን ይፈጅ ነበር። ያ ፍጥነት ከልብ ምት ጋር ለሚንቀሳቀስ ቧንቧ አይበቃም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የመጣው ጠመዝማዛ ቅኝት፣ ከዚያም በአንድ ዙር ብዙ ምስል የሚያነሱ መሣሪያዎች ነገሩን ለወጡት። ዛሬ ከአንገት ሥር እስከ ብሽሽት ያለው አዎርታ ታማሚው ትንፋሹን ይዞ እስኪለቅ ድረስ ባሉት ሰከንዶች ውስጥ ይነሳል።

የምስሉ ጥራት የሚወሰነው ገና ከማንሳቱ በፊት ነው። መጀመሪያ ያለ ኮንትራስት፣ ማለትም ደምን በምስሉ ላይ የሚያደምቀው ፈሳሽ ሳይሰጥ፣ አንድ ዙር ይነሳል፤ በግድግዳው ውስጥ የረጋ ትኩስ ደም ከሚፈሰው ደም ደመቅ ብሎ እንደ ግማሽ ጨረቃ የሚታየው በዚህ ዙር ነው፤ ኮንትራስት ከገባ በኋላ በቀላሉ ይሰወራል። ከዚያ አዮዲን ያለበት ኮንትራስት በደም መልስ በኩል በፍጥነት ይሰጣል። ከተቻለ የቀኝ ክንድ ይመረጣል፤ በግራ ክንድ ከተሰጠ ያልተበረዘው ኮንትራስት በአዎርታ ቅስት ፊት ለፊት ሲያልፍ ምስሉን በጨረር መስመር ያበላሸዋል። ባለሙያው በአዎርታ ላይ አንድ ነጥብ መርጦ የድምቀቱን መጨመር ይከታተላል፤ ድምቀቱ ከተወሰነለት መጠን ሲደርስ ቅኝቱ ይጀመራል። ለልብ ቅርብ የሆነው ክፍል ከልብ ምት ጋር ስለሚነቃነቅ ምስሉ ድርብ መስመር ሊያሳይና የሌለ ስንጥቅ ሊያስመስል ይችላል። ስለዚህ ቅኝቱን የልብ ምትን ከሚመዘግበው ኢሲጂ ጋር ማቀናጀት ትልቅ ጥቅም አለው።

ባለ ሦስት አውታር ምስሉ የሚሠራው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ካላቸው ቁርጥ ምስሎች ነው። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ነጥብ እንደ ድምቀቱ ቀለም ይሰጠዋል፤ ደብዛዛውን ይደብቃል፤ ደማቁን ያጎላል። ውጤቱ የአዎርታን መጠማዘዝና የቅርንጫፎቹን አነሳስ በአንድ እይታ ያሳያል። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ የሚታየው ኮንትራስት የደረሰበት ደም እንጂ ግድግዳው አይደለም። ስድስት ሴንቲ ሜትር የሰፋ የሆድ አኑሪዝም ውስጡ በረጋ ደም ከተሸፈነ፣ በባለ ሦስት አውታሩ ምስል ላይ ጤነኛ የሚመስል ቀጭን ቧንቧ ብቻ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሐኪም ምርመራውን ከቁርጥ ምስሎቹ ይጀምራል፤ በባለ ሦስት አውታሩ ያየውን ሁሉ ተመልሶ በእነሱ ላይ ያረጋግጣል።

ዲሴክሽን ሲገኝ ዋናው ሥራ ሁለቱን የደም መተላለፊያዎች መለየት ነው። እውነተኛው መተላለፊያ ካልተጎዳው የአዎርታ ክፍል ጋር ሳይቋረጥ ይያያዛል፤ ብዙ ጊዜም ጠባቡ እሱ ነው። ሐሰተኛው ሰፊ ይሆናል፤ ጥጉ የወፍ መንቁር ይመስላል፤ ኮንትራስቱም ዘግይቶ ሊደርሰው ይችላል። ኩላሊት፣ አንጀትና እግር ከየትኛው መተላለፊያ ደም እንደሚያገኙ አንድ በአንድ ይታያል። ስንጥቁ ወደ ላይ የሚወጣውን አዎርታ ከነካ በስታንፎርድ አመዳደብ ዓይነት ኤ ይባላል፤ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምናም ይጠይቃል። ካልነካው ዓይነት ቢ ነው፤ መዘዝ ከሌለው በአብዛኛው የደም ግፊትን በመቆጣጠር ይታከማል።

ስፋት ሲለካም ጥንቃቄ ያሻል። ሸንኮራ አገዳ በሰያፍ ሲቆረጥ ገጹ ሞላላ እንደሚሆን ሁሉ፣ የተጠማዘዘ አዎርታም በአግድም ቁርጥ ምስል ላይ ከእውነቱ ሰፍቶ ይታያል። ስለዚህ በቧንቧው መሐል መስመር ተዘርግቶ ልኬቱ ለዚያ መስመር ቀጥ ባለ ቁርጥ ላይ ይወሰዳል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ወንዶች የሆድ አኑሪዝማቸው 5.5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ቀዶ ሕክምና ይታሰብላቸዋልና፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስህተት ሰውን ያለ ጊዜው ለቀዶ ሕክምና ሊያስተኛ ወይም የሚያስፈልገውን ሕክምና ሊያዘገይ ይችላል።

ምርመራው ዋጋ ያስከፍላል። ጨረር አለው፤ ኮንትራስቱም ኩላሊታቸው ለደከመና አለርጂ ላለባቸው ሰዎች ስጋት ይሆናል። አዎርታ ተሰንጥቋል ተብሎ በብርቱ ሲጠረጠር ግን መዘግየቱ ከዚህ ስጋት ይከፋል። በሪፖርቱ ላይ ስንጥቁ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ፣ የመጀመሪያው ቅድ ያለበት ቦታ፣ ስፋቱና የተለካበት ደረጃ፣ የተነኩት ቅርንጫፎች፣ በልብ ሽፋንና በሳንባ ዙሪያ ደም መኖር አለመኖሩ በግልጽ ይጻፋል። ዓይነት ኤ ከሆነ ግን ሪፖርቱ ተጽፎ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ራዲዮሎጂስቱ ወዲያው ለቀዶ ሐኪሙ ይደውላል።