አማልፊን በእግር

አማልፊ በገደልና በባሕር መካከል የተሸጎጠች ትንሽ የጣሊያን ከተማ ናት። ለእረፍት የመጣ ሰው ዓይኑ ባሕሩ ላይ ቢቀር አይፈረድበትም፤ ፊቱን ወደ ከተማዋ ያዞረ ግን የበለጠ ያተርፋል።

ከአደባባዩ ተነስተው 62 ደረጃዎችን ሲወጡ የቅዱስ እንድርያስ ካቴድራል ይገኛል። የነሐስ በሮቹ በ11ኛው መቶ ዘመን በቁስጥንጥንያ የተሠሩ ናቸው። በምድር ቤቱ ደግሞ የሐዋርያው ዐፅም እንዳረፈ ይታመናል። በሮቹ በተሠሩበት ዘመን አማልፊ ከፒሳና ከጄኖቫ ጋር የምትፎካከር የባሕር ንግድ ኃያል ነበረች።

ዋናውን መንገድ ይዘው ሽቅብ ሲሄዱ ሸለቆው ይጠብባል። እዚያ፣ በጥንታዊ የወረቀት ማምረቻ ውስጥ ያለው የወረቀት ሙዚየም የውሃ ኃይል የሚያነሳቸው የእንጨት መዶሻዎች ጨርቅ ወቅጠው እንዴት እንደሚያልሙት ያሳያል። ጎብኚውም ወንፊቱን ገንዳ ውስጥ ነክሮ አንድ ሉክ ወረቀት በእጁ ያወጣል።

በሐምሌና በነሐሴ ከተማዋ በሰው ትጨናነቃለች፤ የተመቸው በግንቦት ይሂድ።