ፊተኛው ጠባሳ

ተመልሶ የመጣ የአከርካሪ ዕጢ ይዞ ወደ እኔ የሚመጣውን ሕመምተኛ፥ የኤምአርአይ ፊልሙን በብርሃን ሰሌዳው ላይ ከመዘርጋቴ አስቀድሞ፥ በሆዱ አስተኝቼ ፊተኛውን ጠባሳ በጣቴ እዳስሰዋለሁ፤ የዕጢው ነገር የሚቃናውም የሚበላሸውም፥ አብዛኛውን ጊዜ፥ የመጀመሪያው ስለት ባረፈበት ዕለት ነውና።

ይህን ያስተማረኝ ኮርዶማ የሚባለው ዕጢ ነው። ጽንስ በማኅፀን ሳለ አከርካሪው በዙሪያው የሚታነጽበት ስስ ገመድ አለ፤ ገመዱ ግብሩን ፈጽሞ ሲጠፋ የሚቀረው ርዝራዥ፥ ከብዙ ዘመን በኋላ፥ ይልቁንም የላቲን ሊቃውንት «ቅዱስ አጥንት» ብለው በሰየሙት በወገብ ግርጌ አጥንት፥ ዕጢ ሆኖ ይነሣል። እድገቱ ዝግተኛ በመሆኑ ሕመምተኛው በአንድ ጎኑ እየተቀመጠ፥ የሆድ ድርቀቱንም በእርጅና እያመካኘ ዓመታት ይኖራል፤ በተራው ራጅም የአንጀት አየር ይጋርደዋልና፥ በፊንጢጣ የገባች አንዲት ጣት ራጁ የሳተውን ታገኘዋለች።

በወጣትነቴ አንዲት እናት «ልጄ፥ ስቀመጥ ጠጠር ላይ ያለሁ ይመስለኛል» ብለውኝ፥ እብጠቱ መግል የቋጠረ መስሎኝ ከፈትሁት። የወጣው ግን እንደ ተልባ ልጋግ የሚሳብ፥ ግራጫ፥ የሚያብረቀርቅ ነገር ነበረ። ጠርጌ፥ አጥቤ ሰፋሁ። በሦስተኛው ዓመት ሲመለሱ፥ የስፌቱን መስመር ተከትለው የተሰለፉ ሽምብራ የሚያህሉ እብጠቶች ከጣቴ ሥር ተንከባለሉ። የፈሰሰችው ጠብታ ሁሉ ዘር ነበረች፤ የዘራሁትም እኔ ነበርሁ፤ ይህም እስከ ዛሬ ኅሊናዬን ይወቅሰዋል።

ስለዚህ ናሙና የምወስደው ከኋላ፥ በመሃል መስመር፥ መርፌው ያለፈበትን መንገድ በኋላ ከዕጢው ጋር ቈርጬ ላወጣው በምችልበት ስፍራ ነው፤ በፊንጢጣ በኩል ከቶ አልወጋውም። ስዊድናዊው ሐኪም በርቲል ስቴነር ከባልደረባው ከጉንተርበርግ ጋር በ1978 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንደ ጻፉት፥ ዕጢውን ሳይከፍቱ ከአጥንቱ ጋር ባንድነት ማውጣት ይቻላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ሽንትንና ዓይነ ምድርን የሚገዙት ነርቮች፥ ይልቁንም ሁለተኛውና ሦስተኛው፥ በዚያው አጥንት ቀዳዳዎች ያልፋሉና። በተመለሰ ዕጢ ላይ ደግሞ ጠባሳው ጤነኛውን ሥጋ ከታመመው ጋር አጣብቆ ድንበሩን ያጠፋዋል፤ ተራው ጨረርም እምብዛም አይበግረውምና፥ እንደ ፕሮቶን ያለ፥ መጠኑ ከፍ ያለ ጨረር ይሻል።

«ሽንቴን መያዝ ያቅተኝ ይሆን?» ብለው ሕመምተኞቼ ሲጠይቁኝ፥ አጥንቱን በወረቀት ሥዬ ስለቱ የሚያልፍበትን አሳያለሁ፤ የምናጣውንም በግልጥ እናገራለሁ። በማግስቱ በጠባሳው ዙሪያ በቀለም ሞላላ መስመር አሰምራለሁ፤ አሮጌው ስፌትና የመርፌው ቀዳዳ በመስመሩ ውስጥ መግባታቸውን ደግሜ ካየሁ በኋላ፥ ቢላዋውን እቀበላለሁ።