ተቀባዩ ማን ነበር? የሕያው ሙዚቃ ክዋኔና ትውስታው በጋምቤላ

በኢትዮጵያ ስለ «የማይረሳ ኮንሰርት» ሲጻፍም ሆነ ሲወራ ትውስታው ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በታወቀ ድምፃዊ፣ በተወሰነ ቀን፣ ከፍ ብሎ በተሠራ መድረክና ፊቱን ወደ መድረኩ ባዞረ ሕዝብ ላይ ነው። ዱክ ኤሊንግተን በኅዳር 1966 ዓ.ም. ከኦርኬስትራው ጋር አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ሙዚቃ፣ የቦብ ማርሊ 60ኛ ዓመት ልደት ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከበረበት ትልቅ ድግስ፣ ቴዲ አፍሮ በጥር 2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ያዘጋጀው ኮንሰርት፣ ሁሉም የሚተረኩት በዚሁ ቅርጽ ሲሆን፣ ተራኪውም በቦታው መገኘቱን የሚናገረው ያየውንና የሰማውን ለመመስከር ነው። ይህ ዳሰሳ የሚሞግተው፣ ይኸው ቅርጽ እንዳለ ተወስዶ ለጋምቤላ መለኪያ ሲደረግ ዋናውን ነገር እንደሚያስቀር ነው፤ በባሮና በአኮቦ ወንዞች መካከል በሚኖሩ ሕዝቦች ዘንድ የሕያው ሙዚቃ ትውስታ የሚያጠነጥነው በአውራጁ ላይ ሳይሆን በተቀባዩ ላይ፣ ማለትም ዘፈኑን ማን እንደመለሰ፣ ማን የማንን ስም እንደጠራና ማን ከማን ጎን ቆሞ እንደዘለለ በሚያስታውሰው የጋራ ዕውቀት ላይ ነውና።

ለዚህ ሙግት ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ፊሊፕ ኦስላንደር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያነሣው ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩም አንድን ክዋኔ «ሕያው» ወይም «የቀጥታ» ብሎ መጥራት ትርጉም ያገኘው ድምፅን መቅዳት ከተቻለ በኋላ ነው የሚል ነው፤ የተቀዳ ነገር በሌለበት ዘመን ሁሉም ክዋኔ ሕያው ስለነበር የሚለይበት ስም አላስፈለገውም። ሁለተኛው የሙዚቃ አንትሮፖሎጂ ምሁሩ ቶማስ ቱሪኖ በ2008 እ.ኤ.አ. ያብራራው ልዩነት ነው። ቱሪኖ «ተሳትፏዊ ክዋኔ» የሚለው ከዋኝና ታዳሚ የማይለዩበትን፣ የተገኘው ሰው ሁሉ በድምፁ፣ በእጁ ወይም በእግሩ የሚገባበትንና ጥራቱም በተሳታፊው ብዛትና ሙቀት የሚለካበትን ክንውን ሲሆን፣ «ትዕይንታዊ ክዋኔ» የሚለው ደግሞ አንዱ ወገን አዘጋጅቶ ለሌላው ወገን የሚያቀርበውን ነው። ልዩነቱ ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ አይደለም፤ በቡሄ ሰሞን ሆያ ሆዬ የጨፈረ ልጅ ሁሉ አውራጁ ምንም ያህል ቢችልበት ተቀባዮቹ ካልበረቱ ጭፈራው እንደሚወድቅ ያውቃል። በጋምቤላ የሚለየው ይህ ተሳትፎ ከከብት፣ ከዕድሜ እርከንና ከመንደር ሥልጣን ጋር የተሳሰረበት ጥልቀት ነው።

የክልሉ ነባር ሕዝቦች አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ ሲሆኑ፣ እዚህ የሚታዩት በጽሑፍ የበለጠ የተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ የቀሩት ራሱን የቻለ ጥናት ይገባቸዋል።

ስለ ኑዌር ጭፈራ ከታወቁት የጽሑፍ ማስረጃዎች አንዱን ያቆየው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በመካከላቸው የተቀመጠው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኤድዋርድ ኤቫንስ ፕሪቻርድ ነው። እንደ እርሱ ዘገባ ወጣቱ ግንባሩ ተበጥቶ ወደ ሙሉ ሰውነት ሲሸጋገር አባቱ በሬ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ወጣቱ በበሬው ቀለምና በቀንዱ አወጣጥ የሚቀረጽ «የበሬ ስም» ይይዛል፤ እኩዮቹ በዚህ ስም ይጠሩታል፤ እርሱም ለበሬው ዘፈን ይገጥማል። በጭፈራ ላይ ክንዶቹን ወደ ላይ ዘርግቶ የበሬውን ቀንድ ያስመስላል፤ ጓደኞቹም ስሙን እየጮኹ ይጠሩለታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ዘፈኑ የአንድ ሰው ድርሰት ቢሆንም በጭፈራው ሜዳ ሙሉ የሚሆነው ሌሎች ስሙን ሲጠሩለት ብቻ ነው። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ያን ቀን የሚያስታውስ ሰው የሚያስታውሰው ዜማውን ለብቻው አይደለም፤ ስሙን ማን እንደጠራለትና ማን ዝም እንዳለው ጭምር ነው። ኮንሰርት ተመልክቶ የተመለሰ ሰው ድምፃዊው እርሱን በስም እንዲያውቀው አይጠብቅም፤ በኑዌር ጭፈራ ግን አለመታወቅ ክዋኔውን ራሱን ያጎድለዋል።

የጭፈራው ወቅትም ከእህልና ከውኃ ጋር የተያያዘ ነው። ሠርጉና ጭፈራው የሚበዛው ክረምቱ ሲገባደድና አዲሱ እህል ሲደርስ፣ ሰዎች በመንደር ተሰብስበው ለጠላ የሚሆን እህል በእጃቸው ሳለ ሲሆን፣ በጋው ሲጠና ከብቱ ወደ ወንዝ ዳር ይወርድና ኑሮው ወደ ከብት ሠፈር ይዞራል። በሠርግ ቀን የየመንደሩ ጎረምሶች በቡድን በቡድን ሆነው እየዘፈኑ ወደ ሜዳው ይገባሉ፤ ዱላና ጦር ይዘው የውጊያ ማስመሰያ ያሳያሉ፤ ማስመሰሉም አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ጠብ ይሆናል። ኤቫንስ ፕሪቻርድ በኑዌሮች መካከል ጠብ የሚያስነሡ ምክንያቶችን ሲዘረዝር የውኃና የግጦሽ መብትን ካነሣ በኋላ አንድ ሰው የጭፈራ ጌጥን ባለቤቱን ሳያስፈቅድ መዋሱን ጨምሮ መጥቀሱ ብዙ ይናገራል፤ ጌጡ ከውበት በላይ ባለቤቱ በጭፈራው ውስጥ ያለውን ቦታ የሚያመለክት ነውና። የቀድሞውን ጭፈራ የሰላምና የፍቅር መንደር አድርጎ የሚስለው ናፍቆት፣ በዚህ ማስረጃ ፊት መቆም አይችልም።

ይኸው ምሁር በ1928 እ.ኤ.አ. ስለ አዛንዴ ሕዝብ ጭፈራ ባሳተመው ጽሑፍ፣ የዘመኑ ተመራማሪዎች ጭፈራን በጠቅላላ ንድፈ ሐሳብ እያለፉ ሙዚቃውን፣ ግጥሙን፣ እንቅስቃሴውን፣ አደረጃጀቱንና አመራሩን በዝርዝር አለመመዝገባቸውን ተችቶ ነበር። ትችቱ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ ራሱም ወደ ኑዌር ምድር የገባው የእንግሊዝ አስተዳደር በሕዝቡ ላይ ወታደራዊ ዘመቻ ባካሄደ ማግሥት፣ በሱዳን መንግሥት ጥያቄ በመሆኑ፣ በጽሑፎቹ የሴቶች ድምፅ ከወንዶቹ ይልቅ ሳስቶ መገኘቱም ሆነ የመረጃ ሰጪዎቹ ጥርጣሬ ከዚህ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። በጭፈራው ውስጥ ልጃገረዶች ማንን እንደመረጡና በማን እንደሣቁ ከወንዶቹ ትረካ ብቻ መረዳት ግማሹን መስማት ነው።

በአኙዋ ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የአኙዋ መንደር መሪ ኩዋሮ ይባላል፤ የመንደሩ ከበሮዎችና ዶቃዎች ከሥልጣኑ ጋር የሚተላለፉ ምልክቶች ናቸው፤ ስለዚህ ከበሮ የሚመታበት ግቢ የማን እንደሆነ ማስታወስ በአንድ በኩል ማን ይመራ እንደነበር ማስታወስ ነው። አኙዋዎች ኩዋሮአቸውን በአመፅ የሚያወርዱበት ሥርዓት ስለነበራቸው የአንድ ትልቅ ጭፈራ ትውስታ የፖለቲካ ታሪክ ቀን መቁጠሪያም ይሆናል። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ትንሹ ቶም አለ። ቶም ከእንጨት በተሠራ ሳጥን ላይ የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ያሉት፣ በአውራ ጣቶች የሚጫወቱት መሣሪያ ሲሆን፣ ክራርና ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ በሚበዙባት ኢትዮጵያ የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ በምዕራቡ ጠረፍ መገኘቱ ጋምቤላን ከመካከለኛው አፍሪካ የሙዚቃ ቀጣና ጋር የሚያዛምዳት ምልክት ነው። ድምፁ ለስላሳ በመሆኑ ሜዳ አይሞላም፤ የሚሰማው ቀርቦ ለተቀመጠ ሰው ነው። «ምርጥ ኮንሰርት» የሚባለውን ነገር በሕዝብ ብዛት የሚመዝን ሰው በቶም ዙሪያ የተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎችን ከቁጥር አያስገባም፤ ሚዛኑ የት ላይ እንደሚሳሳትም ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አይገኝም።

የጋምቤላ ጭፈራ ወደ ብሔራዊው መድረክ የወጣው በባህል ቡድኖች አማካይነት ነው። በዚህ ጉዞ ከፍተኛው ነጥብ ክልሉ ራሱ 10ኛውን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ያስተናገደበት ጊዜ ነው። ከየክልሉ የመጡ ቡድኖች ተራ በተራ ወጥተው በባለሥልጣናትና በእንግዶች ፊት ጨፈሩ፤ አገሪቱም በቴሌቪዥን አየችው። ያ ዝግጅት ጋምቤላ በአገሪቱ ካርታ ላይ ያላትን ቦታ ለብዙ ተመልካች ያሳወቀ መሆኑ መካድ የለበትም። ነገር ግን የክዋኔው ሕግ ተገልብጧል፤ ጨፋሪው የሚዞረው ወደ እኩዮቹ ሳይሆን ወደ ክብር መቀመጫው ነው፤ ጊዜው በደቂቃ ተመትሯል፤ የሚመልስለት ተቀባይም ከፊቱ የለም። ብዙ ጊዜ በማያ ገጽ ላይ የሚታየው «የጋምቤላ ጭፈራ» ዶቃና ዝላይ ብቻ ሆኖ የሚቀረው፣ ካሜራው ስለሚቸኩል ብቻ ሳይሆን መጀመሪያውኑ ምላሹ ስለተቆረጠ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ በከተማይቱ በአኙዋና በኑዌር መካከል የሰው ሕይወት ያጠፋ ግጭት ተነሣ። ለዚህ መድረኩን ተጠያቂ ማድረግ ከንቱ ነው፤ ይሁንና ጎን ለጎን መጨፈር አንድነትን ይፈጥራል የሚለው የተለመደ ንግግር፣ ቡድኖች በተራ የሚያልፉበትን ትዕይንት እርስ በርስ ከመመላለስ ጋር አንድ አድርጎ እንደወሰደ ግጭቱ ያሳያል።

ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ወደ ክልሉ የገቡት ስደተኞች ቁጥር ከ300,000 በላይ ደርሷል፤ ኩሌ፣ ቴርኪዲና ጀዊን በመሳሰሉ መጠለያዎችም ከብት ሳይኖራቸው ያደጉ የኑዌር ወጣቶች በቤተ ክርስቲያን መዘምራንና በእጅ ስልክ በተቀዱ ዘፈኖች ዙሪያ ሌላ ዓይነት ክዋኔ አቋቁመዋል። በሬ በሌለበት የበሬ ስም ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ገና በቂ ጥናት አላገኘም። በልጅነታቸው ወደ ኢትዮጵያ ከተሰደዱት አንዱ የነበረው የኑዌር ተወላጁ ራፐር ኢማኑኤል ጃል፣ በጁላይ 2005 እ.ኤ.አ. የላይቭ ኤይት የኮንሰርቶች ዘመቻ ሲካሄድ የዘፈነው ታላላቆቹ ኮከቦች በተሰለፉበት በለንደኑ ሃይድ ፓርክ ሳይሆን፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን ለብቻቸው በተመደቡበት በኮርንዎል ነበር፤ እርሱም ይህን አመዳደብ በይፋ ተችቷል። ትችቱ ስለ ድምፅ ጥራት አይደለም፤ በአንድ ክዋኔ ማን ከማን ጎን ይቆማል የሚለው የጭፈራው ሜዳ አሮጌ ጥያቄ በዓለም አቀፍ መድረክ ላይ መነሣቱ ነው።

ይህ ሁሉ በአሰናነድ ላይ የሚያስከትለው ጣጣ አለ። የአኙዋን ሙዚቃ ከማኅበራዊ ኑሮው ጋር አያይዞ ዴቪድ ኦስተርሉንድ በ1978 እ.ኤ.አ. ለዶክትሬት ዲግሪ ያቀረበው ጥናት ጥሩ ጅምር ነበር፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ የተለመደው አቀዳድ ማይክሮፎኑን ወደ አውራጁ አስጠግቶ ተቀባዩን እንደ ዳራ ጫጫታ የሚያሳንስ፣ መዝገቡም የዘፋኙን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ብቻ የሚጠይቅ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዘፋኝንና ጨፋሪን በከዋኝነታቸው ጥበቃ የሚሰጣቸው ሲሆን፣ የበሬ ዘፈን በሚዘፈንበት ሜዳ ግን ደራሲው አንድ፣ ስሙን የሚጠሩለት ብዙ፣ ያለ እነርሱም ዘፈኑ ያልተጠናቀቀ በመሆኑ፣ ቀረጻው በገንዘብ ሲሸጥ ከዋኝ ተብለው ድርሻ ሊጠይቁ የሚችሉት እነማን እንደሆኑ የሚለይበት መንገድ መበጀት ያለበት ገና በቀረጻው ሰዓት፣ የተቀባዮቹን ስም ከአውራጁ ስም ጋር በአንድ ገጽ ላይ በማስፈር ነው።