ስላይዱ የዘለለው ጥያቄ

የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ ግን አንድ ሴሚስተር የፖለቲካ ኮሙኒኬሽን ክፍል እየገባሁ አዳምጥ ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ስላይድ ላይ 0.967 የሚል ቁጥር አሳዩንና «ሚዲያ የሕዝብን አጀንዳ እንደሚቀርጽ ይኸው ተረጋገጠ» ብለው አለፉ። እኔ ግን ቁጥሩ ላይ ቀረሁ። እስቲ እናንተም አብራችሁኝ ቆዩ።

ጥናቱ የማክስዌል ማኮምብስና የዶናልድ ሾው ነው። በ1968 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሲቃረብ፣ በኖርዝ ካሮላይናዋ ቻፕል ሂል ማንን እንደሚመርጡ ገና ያልወሰኑ 100 ሰዎችን ዋና የሚሏቸውን ጉዳዮች ጠየቁ። መልሱን ጋዜጦች፣ መጽሔቶችና የቴሌቪዥን ዜናዎች ትኩረት ከሰጧቸው ጉዳዮች ጋር አነጻጸሩ። ሁለቱ በጣም ተቀራረቡ፤ የዋና ዋና ዜናዎቹ ተዛምዶ 0.967 ሆነ። ጽሑፉ በ1972 ታተመ።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? አንደኛ፣ 100 ሰው ተጠየቀ ማለት 100 ነጥብ አለን ማለት አይደለም። የተነጻጸሩት ጥቂት የጉዳይ ምድቦች ናቸው፤ ነጥብ ሲያንስ ደግሞ ከፍተኛ ተዛምዶ በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሁለት ሴንሰሮች አብረው ከፍና ዝቅ ስላሉ ብቻ አንዱ ሌላውን አንቀሳቀሰ አንልም። ጋዜጠኞቹ ሕዝቡ የሚያወራውን ተከትለው ጽፈው ቢሆንስ?

ይህን እኔ የደረስኩበት እንዳይመስላችሁ! ተዛምዶው ብቻውን ማረጋገጫ እንደማይሆን አጥኚዎቹ ራሳቸው እዚያው ጽፈውታል። የዘለለው ስላይዱ ነው።

የተዘለለው ደግሞ ለተማሪ የሚጠቅመው ክፍል ነው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ዴቪድ ዊቨር «ሚዲያ ይበልጥ የሚሠራው ማን ላይ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከማኮምብስ ጋር ተከታተለው። ጉዳዩ የሚመለከተው፣ ግን እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ይበልጥ ሚዲያን ይፈልጋል የሚለው ማብራሪያ ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በ1982 በታተመ ጥናት ደግሞ ሻንቶ አየንጋርና ባልደረቦቹ ሰዎችን ከፋፍለው ሆን ተብሎ የተቀናበረ ዜና ለቀናት አሳዩ። ስለ አንድ ችግር ደጋግመው ያዩት ለዚያ ችግር የሰጡት ክብደት በአብዛኛው ጨመረ። የመንስኤው አቅጣጫ በደንብ የተፈተነው እንዲህ ባለ ሙከራ ነው።

አያችሁ፣ አማካሪ ለዶክትሬት ተማሪው ከቁጥሩ ይልቅ ክፍተቱን ሲሰጠው ነው ሥራው የሚቀጥለው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ስታዩ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ፦ ነጥቦቹ ስንት ናቸው? የቱ ቀደመ? ከተቻለ ደግሞ ዋናውን ጽሑፍ ፈልጋችሁ አንብቡት።