የሊድስትሮም ዱላ

የገና ጨዋታ ያየ ሰው ቆልማማ ዱላ አዲስ አይሆንበትም። በአይስ ሆኪ ግን በሩር ፋንታ የምትመታው ፓክ የምትባል ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ናት፤ ሜዳው በረዶ፣ የተጫዋቹም ጫማ ስለት ያለው ነው። ፓክ ይዞ የሚመጣን አጥቂ በሰውነት ገጭቶ መጣል ሕጉ ይፈቅዳል፤ ተመልካቹም የሚጮኸው ያኔ ነው። ስዊድናዊው ተከላካይ ኒክላስ ሊድስትሮም 20 የውድድር ዘመን ለዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ሲሰለፍ በግጭት ብዙም አልተመካም።

እስቲ አንድ አጥቂ ሲመጣበት እንየው። ፊቱን ወደ አጥቂው አድርጎ የኋሊት ይንሸራተታል። ጉልበቱን አጥፏል፤ ዱላውን በአንድ እጁ ይዞ ጠፍጣፋውን ጫፍ በረዶው ላይ አሳርፏል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከዱላው ቁመት ብዙ አይበልጥም፤ ሰውየው ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲያዘግም ያዘግማል፣ ርቀቷ ግን ያቺው ናት። መሀሉን ዘግቶ ቀስ በቀስ ሜዳውን ወደከበበው ግድግዳ ይነዳዋል። አጥቂው መሄጃ አጥቶ ፓኳን ከሰውነቱ ራቅ ባደረጋት ቅጽበት ያ የዱላ ጫፍ ወደፊት ይዘረጋና ነካ ያደርጋታል። በቃ። የወደቀ ሰው የለም፤ ፓኳ ግን አቅጣጫዋን ቀይራለች።

በ1,564 የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎች ከሜዳ ወጥቶ እንዲቀመጥ የተቀጣው በድምሩ 514 ደቂቃ ነው። ለየጨዋታው ሲካፈል 20 ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ትንሿ ቅጣት ደግሞ 2 ደቂቃ ናት። የተጋጣሚን ምርጥ አጥቂዎች በየምሽቱ እየተረከበ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ መውጣቱ ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል።

ዋንጫ አልጎደለውም። እ.ኤ.አ. በ1989 ዲትሮይት ከስዊድኑ ቬስተሮስ ሲመርጠው በሰሜን አሜሪካው ሊግ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ 53ኛ ተጠሪ ነበር፤ በ1991 መጫወት ጀመረ። የሊጉ አሸናፊ የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫ አራት ጊዜ አነሣ። ለሊጉ ምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የኖሪስ ዋንጫ መጀመሪያ ሲያገኝ 31 ዓመቱ ነበር። በ2006 የቶሪኖ ኦሎምፒክ ፍጻሜ ፊንላንድ ላይ ያስቆጠራት ግብ ለስዊድን ወርቅ አስገኘች። በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ተወልዶ በአውሮፓ የሠለጠነ አምበል ስታንሊን ሲያነሣ እሱ የመጀመሪያው ሆነ።

እኔ ግን ደጋግሜ የማየው ሌላ ነገር ነው። የዲትሮይት ሜዳ በነበረው በጆ ሉዊስ አዳራሽ፣ ከግቡ ኋላ ያለው ግድግዳ የመታውን ፓክ አጥብቆ ይመልስ ነበር። ሊድስትሮም ራቅ ብሎ ሰማያዊው መስመር አጠገብ ቆሟል፤ ከፊቱ ያለው መንገድ በሰው ተዘግቷል። ሆን ብሎ ፓኳን ከግቡ ቋሚ ውጭ ይመታታል። ለማያውቅ የሳተ ይመስላል። እሷ ግን ግድግዳውን ገጭታ በግቡ ሌላኛው ጎን ብቅ ትላለች፤ ግብ ጠባቂው ተገላብጦ ሳይደርስ የጓደኛው ዱላ እዚያ ይቀበላታል። ኃይሉ ቢበዛ ጓደኛውን አልፋ ትሄዳለች፤ ቢያንስ ከግቡ ኋላ ትቀራለች። እንግዲህ ልኩ በእጁ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

በ2012፣ በ42 ዓመቱ፣ በዚያ ደረጃ ለመጫወት የሚያስፈልገው የልምምድ ግለት እንደ ቀድሞው እንዳልሆነለት ተናግሮ ተሰናበተ። ሰባተኛውን የኖሪስ ዋንጫ ከተቀበለ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።